ናዳር ከማንሳቱ በፊት ያወራል

በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዴ ካፑሲን በሚባለው ጎዳና ማታ የሚያልፍ ሰው ቁጥር 35ን ልብ ሳይል ማለፍ አይሆንለትም ነበር። የሕንጻው ፊት ቀይ ነው፤ የላይኞቹ ፎቆች መስታወት በመስታወት ናቸው፤ ግንባሩ ላይ በጋዝ የሚበራ ግዙፍ ፊርማ ተጋድሟል፦ ናዳር። ደረጃውን የሚወጡት ደራስያን፣ ተዋንያን፣ ሙዚቀኞች፣ ከአገራቸው የተሰደዱ አብዮተኞች ናቸው። የሚመጡት ፎቶ ሊነሱ ነው፤ መጀመሪያ የሚጀምሩት ግን ወሬ ነው። ወዳጆቼ፣ ስለዚህ ሰው ላጫውታችሁ ከጓጓሁ ቆይቻለሁ። ዛሬ አንድ የፊት ፎቶ አይተን «ይሄማ ቁርጥ እሱ ነው!» ስንል፣ ፎቶን በዚያ ሚዛን መመዘን ካስለመዱን ሰዎች አንዱና ዋናው ናዳር ነው ብዬ አምናለሁ። (ቀናቱንና ዓመታቱን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሙሉ ስሙ ጋስፓር ፌሊክስ ቱርናሾን ነው፤ የተወለደው በ1820። አባቱ መጽሐፍ አሳታሚ ነበር። ንግዱ ከስሮ አባትየው በ1837 ሲሞት፣ ሊዮን ከተማ ሕክምና መማር ጀምሮ የነበረው ልጅ ትምህርቱን ተወና እንጀራውን በጋዜጣ ጽሑፍ ፈለገ። ናዳር የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ኪሳቸው ባዶ፣ ጨዋታቸው ግን ሙሉ ከሆነ ወጣት ጓደኞቹ መካከል ሳለ ነው። በ1848 ፖላንድን ነፃ እናወጣለን ብለው ከዘመቱ በጎ ፈቃደኞች ጋር ተነሳ፤ ፕሩሲያ ላይ ተይዞ ታሰረ፤ ተፈትቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የሚታወቀው በካርቱኒስትነቱ ነው፤ በፓሪስ የቀልድ ጋዜጦች ላይ የታወቁ ሰዎችን መልክ እያጋነነ ይስል ነበር። በ1854 ያሳተመው «ፓንቴዮን ናዳር» 250 የሚጠጉ የዘመኑን ደራስያንና ጋዜጠኞች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሰልፎ ያሳያል፤ ሁሉም ራሳቸው ትልቅ፣ ገላቸው ትንሽ።

ይህን የካርቱን ዘመኑን እንደ መንደርደሪያ ብቻ አትዩት። ካርቱን የሚስል ሰው ሥራው ምንድን ነው? ከአንድ ፊት ላይ የሌላ ሰው ፊት ላይ የማይገኘውን ነገር መፈለግ ነው። አፍንጫው ነው? የቅንድቡ አጣጣል ነው? ሲያዳምጥ አንገቱን የሚሰብረው ነገር ነው? ናዳር ለዓመታት ዓይኑን ያሠለጠነው በዚህ ነው። ካሜራ በእጁ የገባው ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነበር።

አሁን የዘመኑን የፎቶ ቤት አስቡት። በዚያው በ1854 ዲስዴሪ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ትናንሽ ፎቶዎችን የማንሳት ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ፎቶው እንደ ስም ካርድ አነስ ያለ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ስለነበር ከጊዜ በኋላ ፓሪስን አጥለቀለቃት። በእንዲህ ያለው ቤት ፎቶ ተነሺው ከሐሰተኛ የእብነ በረድ ዓምድ አጠገብ ይቆማል፤ ከኋላው መጋረጃ አለ፤ አጠገቡ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ። ነጋዴውም ጄኔራሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ናዳር በሴንት ላዛር ጎዳና ቁጥር 113 በከፈተው የመጀመሪያ ስቱዲዮው ይህን ኮተት ሁሉ አነሳው። ከኋላ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ባዶ ጨርቅ፣ ፊት ለፊት ሰውየው፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን፤ ሌላ ምንም የለም። ዓይናችሁ የሚያርፍበት ቦታ ከፊቱና ከእጁ በቀር የለም።

የአሠራሩን ችግር ካላወቅን ግን የዚህ ሰው ብልሃት አይገባንም። በዚያ ዘመን የሚሠራው በእርጥብ ኮሎዲዮን ነው፤ ዘዴውን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ አድርጎት ነበር። ኮሎዲዮን የሚባለው በአሲድ ከተነከረ በኋላ በኤተርና በአልኮል የሟሟ ጥጥ ነው፤ ወፍራም፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው ራስ የሚያዞር ፈሳሽ። ፎቶ አንሺው ይህን በንጹህ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ያፈስና፣ እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ምጣዷ ላይ እንደምታዳርሰው፣ ሰሌዳውን ወዲህ ወዲያ እያዘነበለ እስከ ጠርዙ ያዳርሰዋል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብቶ በሲልቨር ናይትሬት ይነክረዋል፤ ብርሃን የሚሰማው ያኔ ነው። ሰሌዳው ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ መግባት፣ ሳይደርቅ መነሳት፣ ሳይደርቅ ወደ ጨለማው ክፍል ተመልሶ መታጠብ አለበት። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከደረቀ አለቀለት።

ተነሺው ደግሞ ለበርካታ ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። እስቲ አሁን ተነሱና ሰዓት ይዛችሁ ፊታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ጥቂት ሰከንዶች ቆዩ። ፊት ይደርቃል፤ ዓይን ይፈዛል፤ ሰው የራሱ ሐውልት ይሆናል። የዘመኑ ፎቶዎች ብዙዎቹ የተኮሳተሩ የሚመስሉን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የናዳር መልስ ጨዋታ ነበር። የሚያነሳቸው አብዛኞቹ አብሯቸው የበላ የጠጣ ጓደኞቹ ናቸው፤ ስለ ቲያትሩ፣ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ዕዳቸው ያወራሉ። በወሬው መካከል ሰውየው ራሱን የሆነበትን አቋም ያይና «እንዲሁ ቆይ!» ይለዋል። በፎቶዎቹ ላይ የምናየው ያ ነው፦ ሊናገር አስቦ የቆመ ሰው፤ ወይም የሰማውን ገና እያብላላ ያለ ሰው።

ከመሣሪያው ይልቅ ሰውን መረዳት ይበልጣል የሚለውን እምነቱን ራሱ በፍርድ ቤት ተከራክሮበታል። ታናሽ ወንድሙ አድሪያን ፎቶ እንዲማር ገንዘቡን የከፈለው ናዳር ነበር፤ አስተማሪውም የተከበረው ጉስታቭ ለ ግሬይ ነው። ወንድምየው ግን «ናዳር ታናሹ» በሚል ስም መሥራት ጀመረ፤ ጉዳዩ ከቤተሰብ ሽምግልና አልፎ ክስ ሆነ። ናዳር በ1857 ረታ። በክርክሩ ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ ፎቶ ለሚማር ሰው ሁሉ ቢነገር ደስ ይለኛል። የፎቶግራፍን ንድፈ ሐሳብ በአንድ ሰዓት፣ የእጅ ሥራውን በአንድ ቀን መማር ይቻላል አለ፤ ትምህርት የማይሰጠው ብርሃንን የመረዳት ስሜትና ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ቶሎ የመረዳት ችሎታ ነው አለ። ካሜራ ገና እንደ ተአምር በሚታይበት ዘመን መሣሪያውን ወደ ሁለተኛ ደረጃ አውርዶ ሰውን ያስቀደመ ፎቶ አንሺ ማግኘት ያስደንቀኛል።

ሁለት ፎቶዎች ላሳያችሁ። አንደኛው ገጣሚው ሻርል ቦድሌር ነው። ቦድሌር ፎቶግራፍን የሚጠላ ሰው ነበር፤ በ1859 በጻፈው የሥዕል ኤግዚቢሽን ሂስ ላይ ፎቶ የኪነ ጥበብ ጠላት እንደሆነ አምርሮ ጽፏል። ያም ሆኖ ናዳር ዘንድ ደጋግሞ ተነሥቷል፤ ጓደኛሞች ነበሩና። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ያለው አተያይ የወዳጅም የተቃዋሚም ነው። ሁለተኛዋ ተዋናይቷ ሳራ በርናር ናት፤ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ናት፤ ዓለም ስሟን ከማወቁ በፊት፣ 1864 አካባቢ። ሰፊ ጨርቅ ተጠቅልላለች፤ ትከሻዋ ተገልጧል፤ ጸጉሯ እንደፈለገ ተለቋል። ከአንድ የጆሮ ጌጥ በቀር በላይዋ ላይ ዓይን የሚስብ ነገር የለም። የምትታየው እንደ ኮከብ አይደለም፤ የሆነ ነገር እያሰበች ያለች ልጅ ናት። ደራስያኑ አሌክሳንደር ዱማና ዦርዥ ሳንድ፣ ሠዓሊው ደላክሯ፣ ሙዚቀኞቹ በርልዮዝና ሮሲኒ፣ የሩሲያው አናርኪስት ባኩኒን ሁሉ በእሱ ካሜራ ፊት ተቀምጠዋል። ሚስቱ ኤርኔስቲን በእርጅናዋ፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኖ አበባ ወደ ከንፈሯ አስጠግታ የተነሳችው ፎቶ ከሁሉ በላይ ልቤን ይነካዋል። ያነሳት ናዳር ነው ወይስ ልጁ ፖል የሚለውን የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

የካፑሲኑ ስቱዲዮ ከተከፈተ በኋላ የወጡት ፎቶዎች ብዙዎቹ እንደ ሴንት ላዛሮቹ አይደሉም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ቤቱ ትልቅ፣ ወጪው ከባድ፣ ረዳቱ ብዙ ሆነ፤ ደንበኛ እንደ ጓደኛ ሊያጫውቱት አይቻልም። የናዳር ልብም ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ወደ ሰማይ።

በ1858 ከአየር ላይ ፎቶ የማንሳትን ሐሳብ በስሙ አስመዘገበ፤ ያኔ እንዲህ ያለ ፎቶ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፦ በፊኛ መውጣትና ወደ ታች ማንሳት። እርጥቡን ኮሎዲዮን ግን አስታውሱ! ጨለማው ክፍል አብሮ መውጣት አለበት። በፊኛው ቅርጫት ውስጥ ብርሃን የማያስገባ ድንኳን ሰፋ፤ እዚያ ውስጥ እየተወዛወዘ ሰሌዳ ያዘጋጃል፣ ያነሳል፣ ያጥባል። ሰሌዳው ግን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይወርዳል፣ ያጸዳል፣ መድኃኒቱን ይለውጣል፣ ይወጣል፤ አሁንም ጥቁር። በኋላ ምክንያቱ ተገለጠለት። ፊኛው የሚሞላው በመብራት ጋዝ ነው፤ ፊኛው ከፍ ሲል ጋዙ ስለሚነፋ ትርፉ እንዲወጣ አፉ ክፍት ይተዋል፤ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ቁልቁል ቅርጫቱ ላይ ይወርዳል። በጋዙ ውስጥ ያለው የሰልፈር ውህድ ሰሌዳው ላይ ካለው ብር ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል።

በሚቀጥለው ሙከራ አፉን ዘጋው። ይህ አደገኛ ነው፤ ፊኛው ብዙ ከፍ ካለ ሊፈነዳ ይችላል። ፊኛው ግን ሌሊቱን ጋዝ አጥቶ ደክሞ ስላደረ ለመነሳት አቅም አልነበረውም። ናዳር ከቅርጫቱ የሚወጣውን ሁሉ አወጣ፤ በብርዱ የለበሰውን ልብስ ሳይቀር አወላልቆ ጣለ። ወደ 80 ሜትር ከፍ አለ፤ አንዲት ሰሌዳ አነሳና ወረደ። ከፓሪስ ወጣ ብላ ያለች የገጠር መንደር ደብዘዝ ብላ ታየች፦ አንድ እርሻ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የፖሊስ ጣቢያ። ራሱ በኋላ በጻፈው ትዝታው፣ ጣሪያ ላይ ያረፉ ነጫጭ እርግቦች ሳይቀሩ እንደሚታዩ በደስታ ይነግረናል። ያ ፎቶ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ከአየር ከተነሱት እስከ አሁን የተረፈው ቀዳሚ ፎቶ አሜሪካዊው ጄምስ ዋላስ ብላክ በ1860 ቦስተንን ያነሳበት ነው።

ከሰማይ መልስ ወደ ምድር ሆድ ገባ፤ እዚህ ያጋጠመው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ኮሎዲዮን የሚያየው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ነው፤ የሻማና የኩራዝ ቢጫ ብርሃን ለእሱ ጨለማ ማለት ነው። ስለዚህ ፎቶ ማለት የቀን ሥራ ነበር። ናዳር የኤሌክትሪክ አርክ መብራት አመጣ፦ በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል የሚዘል ነጭ፣ ሰማያዊነት ያለው እሳት። ኃይሉን የሚሰጡት በአሲድ የተሞሉ፣ ከባድ የቡንሰን ባትሪዎች ናቸው። መጀመሪያ በስቱዲዮው ሞከረው፤ ማታ ማታ ብርሃኑ ጎዳናውን ሲያጥለቀልቀው ሕዝብ ደጁ ይሰበሰብ ነበር። በ1861 በሰው ሠራሽ ብርሃን የማንሳትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበና የፓሪስ ካታኮምብ ውስጥ ወረደ።

ካታኮምቡ ድሮ ድንጋይ የተፈለጠበት ዋሻ ነው፤ የከተማዋ መቃብሮች ሞልተው በሽታ ሲያሰጉ፣ ከ1786 ጀምሮ የሚሊዮኖች አጽም ወደዚያ ተዛውሯል። ናዳር የሰው የራስ ቅልና የጭን አጥንት እንደ ግንብ የተደረደረበትን መተላለፊያ ሊያነሳ ፈለገ። መሣሪያዎቹ በዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥ እንደምንም ተጎትተው ገቡ፤ መብራቱን የሚመግቡት ገመዶች ረጃጅም ናቸው፤ የአሲዱ ጭስ በዝግ አየር ውስጥ ያፍናል። አንድ ሰሌዳ እስከ 18 ደቂቃ ይፈልግ ነበር። 18 ደቂቃ ማንም ሰው ሳይነቃነቅ መቆም ስለማይችል፣ አጥንት የሚያጓጉዝ ሠራተኛ ለማሳየት አሻንጉሊት ሰው አለበሰና አቆመ። ፎቶዎቹን ስታዩ ጋሪ የሚጎትተው ሰውዬ ፊቱ ወዲያ የዞረው ለዚህ ነው።

ከዚያ በ1864 እና 1865 ወደ ፍሳሽ ቦዮቹ ሄደ። ፓሪስ በዚያ ዘመን ፈርሳ እየተሠራች ነበር፤ ከጎዳናዎቹ በታች አዲስ የቦይ መረብ ተዘርግቶላታል። ባትሪዎቹን ላይ መንገድ ላይ ትቶ ገመዱን በጉድጓዱ ክዳን በኩል አወረደ። እዚያ ያስቸገረው እንፋሎት ነው። ደቂቃዎቹን ሁሉ በትዕግሥት ጠብቀው ሰሌዳው ሊያልቅ ሲል፣ ከአንድ ቦታ የተለቀቀ ሙቅ ውኃ ጉም አንሥቶ ሁሉን ያበላሸዋል፤ እንደገና ከሀ። ያም ሆኖ ከምድር በታች ያነሳቸው ወደ መቶ የሚጠጉ ፎቶዎች ሆኑ። ዛሬ በስልካችን ብልጭታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስናነሳ የምንሄድበትን መንገድ ከጠረጉት አንዱ እሱ ነው።

በፊኛ ግን አልቆረጠለትም። በ1863 «ለ ዤያን» ማለትም ግዙፉ የተባለ 6,000 ሜትር ኩብ ጋዝ የሚይዝ ፊኛ አሠራ፤ ቅርጫቱ ባለ ሁለት ደርብ ቤት ነበር። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ፤ ናዳር በፊኛ ዘላቂነት አያምንም። ሰው ወደፊት የሚበረው ከአየር በሚከብድ ሞተር ባለው ማሽን ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ግዙፉን ፊኛ የሠራው ለዚያ ማሽን ምርምር ከተመልካች ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው። ለዚሁ ዓላማ በተቋቋመው ማኅበር ውስጥ ዡል ቬርንም አብሮት ነበር፤ ቬርን በ1865 ባሳተመው የጨረቃ ጉዞ ልቦለድ ውስጥ ያለው ደፋር ፈረንሳዊ አርዳን፣ ፊደሎቹ ተቀያይረው የተጻፈ ናዳር ነው። ፊኛው በጥቅምት 18 ቀን 1863 ባደረገው ሁለተኛ በረራ ጀርመን፣ ሃኖቨር አካባቢ ለመውረድ ሲሞክር ነፋስ ያዘውና ቅርጫቱን በመሬት ላይ ረጅም መንገድ ጎተተው። ናዳር እግሩ ተሰበረ፤ አብራው የነበረችው ኤርኔስቲን ክፉኛ ተጎዳች። ገንዘቡም ተበላ።

ትርፉ የመጣው ባልታሰበ ጊዜ ነው። በ1870 የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ሲከብ ናዳርና ጓደኞቹ ሞንማርትር ኮረብታ ላይ የፊኛ ጣቢያ አቋቋሙ። በመስከረም 23 «ኔፕቱን» የተባለው ፊኛ 125 ኪሎ ደብዳቤ ጭኖ በጠላት ጦር አናት ላይ አለፈ፤ ከበባው እስኪያበቃ ከ60 በላይ ፊኛዎች ተከታትለው ወጡ። የተከበበች ከተማ ከዓለም ጋር በአየር ፖስታ ስትጻጻፍ አስቡት።

ከጦርነቱ በኋላ ናዳር ከካፑሲኑ ቤት ወጣ፤ ቤቱ ግን አንድ ታሪክ ቀርቶት ነበር። በሚያዝያ 15 ቀን 1874 ኦፊሴላዊው የሥዕል ኤግዚቢሽን ፊቱን ያዞረባቸው ሠዓልያን በዚያ በቀድሞ ስቱዲዮው የራሳቸውን ትርኢት ከፈቱ፦ ሞኔ፣ ደጋ፣ ረኗር፣ ፒሳሮ፣ ሴዛን፣ ቤርት ሞሪዞ። የሞኔ «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» እዚያ ተሰቅሎ ነበር፤ በሥዕሉ ስም የቀለደ የጋዜጣ ሐያሲ ሳያስበው ለሠዓልያኑ ኢምፕሬሽኒስት የሚል ስም አወጣላቸው። ለብርሃን ሲባል መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ለእነሱ የተገባ ነበር።

በ1886 ደግሞ የናዳር የወሬ ፍቅርና የፎቶ ሙያ በአንድ ቦታ ተገናኙ። ኬሚስቱ ሚሼል ኤዠን ሼቭረል 100 ዓመት ሞላቸው፤ ከፈረንሳይ አብዮት 3 ዓመት በፊት የተወለዱ አዛውንት ናቸው። ናዳር ጠያቂ ሆኖ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ፤ ልጁ ፖል ካሜራውን ያዘ። ያኔ ደረቅና ፈጣን ሰሌዳ ስለወጣ እርጥቡ ኮሎዲዮን ቀርቷል፤ ተነሺው እንደልቡ እያወራ፣ እጁን እያወናጨፈ ይነሳል። ሽማግሌው ሲገረሙ፣ ሲከራከሩ፣ ጣታቸውን ሲቀስሩ የተነሱት ፎቶዎች፣ ከእያንዳንዱ በታች ንግግራቸው ተጽፎ በመስከረም 5 ቀን «ለ ዡርናል ኢሉስትሬ» ላይ ወጡ። የመጀመሪያው የፎቶ ቃለ ምልልስ ነው ይባላል፤ እኔ ሳየው የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ አያት ሆኖ ይታየኛል።

ናዳር ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። በ1909 ሉዊ ብሌርዮ ከአየር በሚከብድ ማሽን የእንግሊዝ ቻነልን ሲሻገር፣ የ89 ዓመቱ ሽማግሌ የምስጋና ቴሌግራም ላከለት። በተከታዩ ዓመት፣ በ1910 አረፈ። በ1950 የፈረንሳይ መንግሥት የቤቱን ክምችት ገዛ፤ አሁን ብዙው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በሚባለው የኢንተርኔት ማኅደር ላይ በነፃ ይታያል። ስትገቡ በቦድሌር ጀምሩ፤ ከዚያ ሳራን፣ ከዚያ አሻንጉሊቱ ያለበትን ካታኮምብ እዩ። በመጨረሻ 1865 አካባቢ ራሱን ያነሳበትን ፈልጉ፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቂት ጥቂት እየዞረ 12 ጊዜ ተነሥቷል፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከማጅራቱ። ፎቶዎቹን አከታትላችሁ ቶሎ ቶሎ ካለፋችኋቸው ሰውየው ይሽከረከራል፤ ሲኒማ ከመፈጠሩ 30 ዓመት በፊት!